ሊቱዌኒያኛና ሩሲያኛ፦ ዘመዳሞች ናቸው ወይስ ጎረቤታሞች?

የሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

ሊቱዌኒያ፣ ቪልኒየስ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምሠራው ዳቦ ቤት ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። አባቴ በደርግ ጊዜ ሚንስክ የተማረ ሰው ነው። ልጆች ሳለን ሩሲያኛ እየቀላቀለ ያወራን ስለነበር ጥቂት እሰማለሁ። እዚህ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር፤ አልጠቀመኝም። ስመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልገባኝም። መጀመሪያ የለመድኩት ቃል "ነሽክ" ነው። "ይዘሽ ሂጂ" እንደ ማለት ነው። ሙሉ ትሪ ያቀብሉኝና "ነሽክ!" ይሉኛል።

ስድስት ወር ያህል ሲያልፍ ግን አንዳንዱ ቃል የማውቀው እየመሰለኝ መጣ። እጅ "ራንካ" ነው፤ አባቴ "ሩካ" ይል ነበር። ራስ "ጋልቫ" ነው፤ በሩሲያኛ "ጎሎቫ"። የብርዱ ወቅት "ዢየማ"፣ በሩሲያኛ "ዚማ"። ሐይቅ "ኤዠራስ"፣ በሩሲያኛ "ኦዜሮ"። በረዶ "ሌዳስ"፣ በሩሲያኛ "ልዮድ"። ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ። አሁን ስልሳ ያህል ደርሻለሁ።

አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ። ሊጥ ማሸት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደብተሬን አሳየኋቸውና ደስ ብሎኝ "ቋንቋችሁ እኮ ሩሲያኛ ይመስላል" አልኳቸው። እጃቸውን ከሊጡ ላይ አነሱ። "ኔ" አሉኝ። አይደለም ማለት ነው። ከዚያ እስኪነጋ አላናገሩኝም።

ላስከፋቸው አስቤ አልነበረም። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ሁለቱ ቋንቋዎች የእውነት ዘመዳሞች ናቸው? ወይስ ሩሲያ ስለገዛቻቸው የገባ ቃል ነው? ለምንስ ይህን ያህል ከፋቸው?


ካርኮቭ 73፦

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ካርኮቭ የገባሁት በእኛ አቆጣጠር በ1973 ነው። የተማርኩት ምሕንድስና ነው፣ የቋንቋ ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ግን ልንገርሽ።

በሁለተኛው ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ከጓደኞቼ ጋር በባቡር ቪልኒየስ ሄድን። ገበያ ገብቼ ወተት ፈለግኩና "ሞሎኮ" አልኩ። ሻጯ በሩሲያኛ መለሰችልኝ፣ ፊቷ ግን አልተፈታም። ከጎኗ ካለችው ጋር ስታወራ ጆሮዬን ሰጥቼ ባዳምጥ አንድ ቃል አልያዝኩም። ወተት በእነሱ "ፒየናስ" ነው ለካ። ዳቦ ደግሞ "ዱዎና"። በሩሲያኛ "ኽሌብ" ነው፤ ምን አገናኛቸው? ዩክሬንኛ ግን ሳልማረው ግማሹን እሰማ ነበር። ፖላንዶች ሲያወሩም ፍሬ ነገሩ ይገባኛል። ለእኔ ዝምድና ማለት እሱ ነው።

ሊቱዌኒያ ለብዙ ዘመን በሩሲያ ሥር ነበረች። አንቺ የሰበሰብሻቸው ቃላት በዚያ መንገድ የገቡ ይመስለኛል። ጎረቤት ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም።


ሥርወ ቃል፦

ጋሽ ካርኮቭ፣ ያዩት ልክ ነው። መደምደሚያዎ ላይ ግን ከእርስዎ እለያለሁ። ነገሩ የሙያዬ ስለሆነና ስለምወደው ትንሽ ላስረዝም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ ውስጥ ከተገኘ ወይ አንዱ ከሌላው ተውሶታል፣ ወይ ሁለቱም ከአንድ እናት ወርሰውታል፣ ወይ ድንገት ተገጣጥሟል። "ጠረጴዛ" የግሪክ ቃል ነው፤ እኛን ግን የግሪክ ዘመድ አላደረገንም። ስለዚህ ሥራው መለየት ነው። መለያው ደግሞ የድምፅ ሕግ ነው።

"ራንካ"ን እንውሰድ። መሐሉ ላይ "ን" አለች። ሩሲያኛ ይህችን ድምፅ ከጣላት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፖላንድኛ እስከ ዛሬ በአፍንጫ ያሰማታል። እንግዲህ ቃሉ በዛሮች፣ በሩሲያ ነገሥታት ዘመን ከሩሲያኛ "ሩካ" የተወሰደ ቢሆን ሊቱዌኒያኛ "ን"ን ከየት አመጣት? ሌላም አለ። ሊቱዌኒያኛ "ሪንክቲ" የሚል ግሥ አለው፣ መሰብሰብ፣ መልቀም ማለት ነው። እጅ "ራንካ" የተባለችው ከዚህ ግሥ ነው፤ የምትሰበስበው ማለት ነው። ስላቮቹ፣ ማለትም እነ ሩሲያኛ፣ ፖላንድኛና ዩክሬንኛ፣ ግሡን አጥተውት ስሙን ብቻ ይዘው ቀርተዋል። የተዋሰ ሰው ቃሉን እንጂ የቃሉን ሥር አያገኝም።

አሁን ደብተርሽን አውጪና እህቴ፣ አብረን እንይ። ጺም በሊቱዌኒያኛ "ባርዝዳ" ነው፣ በሩሲያኛ "ቦሮዳ"፣ በፖላንድኛ "ብሮዳ"። ቁራ "ቫርና" ናት፣ በሩሲያኛ "ቮሮና"፣ በፖላንድኛ "ቭሮና"። ሊቱዌኒያኛው "አር" ባለበት ሩሲያኛው "ኦሮ" ይላል፣ ፖላንድኛው "ሮ"። "ጋልቫ"ና "ጎሎቫ"ም ያው ናቸው፣ በ"ር" ፈንታ "ል" ገብታ ነው። ሊቱዌኒያኛው "ዠ" ባለበት ደግሞ ሩሲያኛው "ዘ" ይላል፦ ዢየማና ዚማ፣ ኤዠራስና ኦዜሮ። "ሸ" ባለበት "ሰ"፦ አሥር "ደሺምት"ና "ዴስያት"፣ መቶ "ሺምታስ"ና "ስቶ"። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከገበያ በተለቀመ ቃል አይመጣም።

የተውሶ ቃላት የሉም አላልኩም፤ ሞልተዋል። ቤተ ክርስቲያን "ባዥኒቻ" ትባላለች፣ ገና "ካሌዶስ"፣ መጽሐፍ "ክኒጋ"። ሦስቱም ከስላቮች የመጡ ናቸው። ሊቱዌኒያ የተጠመቀችው በ1387 ስለሆነ የሃይማኖትና የጽሕፈት ቃል ከጎረቤት መቅዳቷ አይገርምም። ግን ጋሼ፣ ያኔ ገዢዋ ሩሲያ አልነበረችም። እንዲያውም ኪየቭን ሳይቀር ትገዛ የነበረችው ሊቱዌኒያ ናት። ቤተ መንግሥቷ የሚጽፈው በስላቭ ቋንቋ ነበር፤ የ1529ኙ የሕግ መጽሐፍ የወጣው በዚያው ቋንቋ ነው።

አለመግባባቱ ደግሞ ዝምድናን አያፈርስም። መለያየቱ ሩቅ ነው ማለት ብቻ ነው። "ኽሌብ" ራሱ ከጀርመናዊ ቋንቋ የተወሰደ ነው። ስላቮቹ የዳቦውን ስም ቀየሩ፣ ሊቱዌኒያውያን የድሮውን ያዙ።


የሪጋ ተማሪ፦

እኔ ያለሁት ላትቪያ ነው፤ ይህን ሳነብ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። በላትቪያኛ የብርድ ወቅት "ዚየማ" ነው፣ በ"ዘ"። መቶ "ሲምትስ"፣ በ"ሰ"። ልብ "ሲርድስ" ነው፣ ሊቱዌኒያኛው "ሺርዲስ" ሲል። እጅማ "ሩዎካ" ናት፣ "ን" የምትባል የለችበትም። ታዲያ ላትቪያኛ ከሊቱዌኒያኛ ይልቅ ለሩሲያኛ ይቀርባል ማለት ነው?

ሌላ ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ ኢስቶኒያኛንም እንደ ሊቱዌኒያኛና ላትቪያኛ ባልቲክ የሚሉ አሉ።


ሥርወ ቃል፦

የኢስቶኒያው ቀላል ነው። አገሩ የባልቲክ አገር ነው፣ ቋንቋው ግን የፊንላንድኛ ዘመድ ነው። ከእነዚህ ጋር ምንም የቤተሰብ ግንኙነት የለውም። "ባልቲክ" የሚለውን ስም ለነዚህ ቋንቋዎች ያወጣው ኔሰልማን የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1845። ከባሕሩ ስም ወስዶ ነው።

ያነሳኸው የላትቪያኛ ጥያቄ ግን ትልቅ ጥያቄ ነው። መልሱ፦ አይቀርብም። ላትቪያኛ "ሸ"ን ወደ "ሰ"፣ "ዠ"ን ወደ "ዘ" የቀየረው በራሱ ጊዜ ነው። "ን"ንም የጣለው በራሱ ነው። ሩሲያኛም ለብቻው ጣለ። ሁለቱ መንገድ ላይ ሳይገናኙ አንድ ቦታ ደረሱ። ይህ በቋንቋ ታሪክ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ መልክ ብቻ አይቶ መፍረድ የማይቻለውም ለዚህ ነው።


ምልከታ፦

ሥርወ ቃል፣ አሁን ራስህ በሩን ከፈትከው። ላትቪያኛና ሩሲያኛ በየፊናቸው አንድ ቦታ መድረስ ከቻሉ፣ ሌላውስ መመሳሰል እንዲያ የመጣ ላለመሆኑ ማን ዋስትና ይሰጣል?

ይህን ጥያቄ እኔ አልፈጠርኩትም። አውጉስት ሽላይኸር የሚባለው የጀርመን የቋንቋ ሊቅ የቋንቋዎቹን ዛፍ ሲስል ባልቲክና ስላቭን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጣቸው። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ አልጻፈም፤ በ1852 ፕሩሲያ ውስጥ ወዳሉት የሊቱዌኒያውያን መንደሮች ሄዶ ከገበሬዎች ሰምቷል። ሆኖም በ1908 አንትዋን ሜዬ፣ የፈረንሳዩ፣ ቅርንጫፉን አልቀበልም አለ። ሁለቱም ከኢንዶ-አውሮፓዊው፣ አብዛኞቹ የአውሮፓና ብዙ የህንድ ቋንቋዎች ከወጡበት እናት ቋንቋ ለየብቻ ወጡ፤ ጎን ለጎን ስለኖሩና መነሻቸው ስለተቀራረበ በተመሳሳይ መንገድ ተጓዙ አለ። በ1911 የላትቪያው ተወላጅ ያኒስ ኤንድዜሊንስ መሐል ላይ ቆመ። መጀመሪያ ተለያዩ፣ ቀጥሎ ጎረቤት ሆነው ተቀራረቡ፣ በኋላ ዳግም ተራራቁ የሚል ነው።

ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ጋር የሚጋሩትም አለ። "ለተኩላዎች" ለማለት ሊቱዌኒያኛው "ቪልካምስ" ይላል፣ ድሮ የነበረው ጎትኛ "ዉልፋም"። የስላቩም መድረሻ "ም" አለበት። ስለዚህች "ም" ብለን ሦስቱን አንድ ቤተሰብ ልናደርጋቸው ነው?

ደግሞ ብዙዎች የሚያመጡት ማስረጃ ሊቱዌኒያኛ የድሮ ነገር ይዞ መቆየቱን ነው። ያ ዝምድናን አያሳይም። ሁለት ወንድማማቾች ከሞቱ አያታቸው ቤት የየራሳቸውን ዕቃ ይዘው ቢቆዩ አንድ ጣሪያ ሥር አድገዋል አያሰኝም።


ካርኮቭ 73፦

ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። መልሱን እጠብቃለሁ።


ሥርወ ቃል፦

የመጨረሻዋን ሐሳብህን ተቀብያለሁ፣ ምልከታ። ዝምድናን የሚያሳየው አብሮ መለወጥ ነው። አብሮ መለወጥ ስል ደግሞ አንድ ድምፅ አይበቃም። ስለ "ም"ም ልክ ነህ፣ እሷ ብቻዋን ምንም አታረጋግጥም። የለውጦቹ ቅደም ተከተል ሲገጥም ግን ሌላ ነው። ለዚህ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ማርና መቀመጥ ነው። ትንሽ ታገሡኝ።

በእናት ቋንቋው ውስጥ ሁለት ዓይነት "ድ" ነበሩ። አንዷ ተራ "ድ" ናት፣ ሌላዋ ትንፋሽ ያለባት። መቀመጥ የሚለው ቃል ተራዋን ይዟል፦ ላቲን "ሰዴሬ" ይላል። ማር ደግሞ ትንፋሽ ያለባትን፦ ሳንስክሪት፣ የጥንቱ የህንድ ቋንቋ፣ "ማድሁ" ይላል። ባልቲክም ስላቭም ሁለቱን አቀላቅለው አንድ "ድ" አደረጓቸው። ስለዚህ ዛሬ ልዩነታቸው ሊጠፋ ይገባ ነበር። አልጠፋም። በሊቱዌኒያኛ ማር "መዱስ" ነው፣ አናባቢዋ አጭር። መቀመጥ "ሴዴቲ" ነው፣ የመጀመሪያዋ አናባቢ ረጅም። በጥንቱ ስላቭኛ ሂድ፦ ማር አጭር፣ መቀመጥ ረጅም። የላቲኑ ቃል ግን አናባቢው አጭር ነው። ምን ሆነ? ተራዋ "ድ" ከፊቷ ያለችውን አናባቢ አስረዘመች። ከዚያ ሁለቱ "ድ"ዎች ተቀላቀሉ። መጀመሪያ ቢቀላቀሉ ኖሮ የትኛው አናባቢ እንደሚረዝም ማን ያውቃል? ለ"ብ"ና ለ"ግ"ም ያው ነው። ሕጉን ያወጣው ቨርነር ቪንተር ነው፣ በ1978 ታተመ። ሜዬ በ1908 ሲጽፍ ይህ አልታወቀም ነበር።

እንከን የለውም አልልም። ውሃ በስላቭ "ቮዳ" ነው፤ በሕጉ መሠረት መርዘም ነበረበት፣ አልረዘመም። በዚህ የተነሳ ዛሬም የሚከራከሩ አሉ። እኔ ግን ሁለት ሕዝብ ለየብቻው እንዲህ ያለ የተደበቀ ለውጥ፣ በዚያው ቅደም ተከተል አደረገ ማለት አልችልም።

ሰዋስው ውስጥ ደግሞ ይህ አለ። ሊቱዌኒያኛ "ጥሩ" ለማለት "ገራስ" ይላል። "ጥሩው" ለማለት "ገራሲስ"። መጨረሻው "ዪስ" ነው፣ "እሱ" ማለት። ቅጽሉ ላይ "እሱ"ን ለጥፈው "ጥሩው" አሉ። ስላቮቹም በዚያው ተውላጠ ስም ያንኑ አደረጉ፤ ጋሽ ካርኮቭ የሚያውቁት "ዶብሪ" መጨረሻው የተለጠፈ "እሱ" ነው። እኛም "ው" ብለን ስለምንለጥፍ ስሜቱ ይገባናል።

አንድ የሚያስቸግረኝን ነገርም ላንሳ። ዘጠኝ በላቲን "ኖቨም"፣ በሳንስክሪት "ናቫ"፣ በጀርመንኛ "ኖይን" ነው። ሁሉም በ"ን" ይጀምራሉ። ሊቱዌኒያኛ ግን "ደቪኒ"፣ ላትቪያኛ "ደቪኚ"፣ ሩሲያኛ "ዴቭያት"። ሦስቱም በ"ድ"። ሰው ሲቆጥር ቀጥሎ የሚመጣው አሥር "ደሺምት" ዘጠኝን ወደ ራሱ ድምፅ ሳበው ይባላል። አብሮ መለወጥ ማለት እንዲህ ነው። ከእኛ ዘንድ የሚመስለው አለ፦ ግዕዝ "ተስዐቱ"፣ ትግርኛ "ትሽዓተ" ሲሉ አማርኛ "ዘጠኝ"፣ ሐረሪ "ዘሕጠኝ" ይላሉ። ይቺ "ዘ" አማርኛንና ሐረሪን አንድ ወገን ታደርጋቸዋለች።

ችግሩ የጥንቱ ፕሩስኛ ነው። ይህ ሦስተኛው የባልቲክ ቋንቋ ነው። ከ1709 እስከ 1711 የነበረው ወረርሽኝ ተናጋሪዎቹን ጨረሰ፤ ቋንቋውም በዚያው ሞተ። የቀሩልን በ1545ና በ1561 የታተሙ የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፎችና 802 ቃል የያዘ አንድ ዝርዝር ናቸው፤ ከዚያ ውጭ ብዙ የለም። እዚያ ውስጥ ዘጠነኛው "ነዊንትስ" ተብሎ ተጽፏል። በ"ን"! ከባልቲኩ ዘመዱ ጋር አልሄደም። ወይ ፕሩስኛ ሌሎቹ ከመለወጣቸው በፊት ተለይቷል፣ ወይ ተርጓሚው ከጀርመንኛው ላይ ወስዶታል። የሆላንዱ ፍሬደሪክ ኮርትላንት ባልቲክ የሚባል አንድ ወገን ጭራሽ አልነበረም እስከማለት ይሄዳል፤ ለእሱ ፕሩስኛ አንድ፣ ሊቱዌኒያኛና ላትቪያኛ አንድ፣ ስላቭ አንድ፣ ሦስት እኩል ቅርንጫፎች ናቸው። የቋንቋ ሊቁ ሔትዝሮን በ1972 የጉራጌ ቋንቋዎች አንድ ወገን አይደሉም ያለውን ክርክር የምታውቁ አትገረሙም።


ምልከታ፦

የማርና የመቀመጡ ከበደኝ። ሜዬን ወክዬ የምመልሰው የለኝም ማለት ይቻላል። ግን ከዛፍ ይልቅ እርስ በርሱ የሚነካካ መንደር ብታስበው አይሻልም? የሩሲያ የቋንቋ ሊቃውንት ኢቫኖቭና ቶፖሮቭ በ1958 ስላቭ ራሱ ከባልቲክ ጠርዝ ዘዬዎች የወጣ ነው ያሉት ለዛፍ አይመችም።


ሥርወ ቃል፦

በዚህ እስማማለሁ። ዛፉ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ እንጂ ግንዱ መኖሩ ላይ ብዙ ክርክር የቀረ አይመስለኝም።


ካርኮቭ 73፦

ተሸነፍኩ ልጆች። "ዶብሪ" ብዬ ስንት ዓመት ሳወራ "እሱ" እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ለካ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። እነዚህ ሰዎች ድሮ የት ነበር የሚኖሩት? እኔ በማውቀው ካርታ ባልቲኮቹ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ናቸው።


የሪጋ ተማሪ፦

ይህን እኔም ሰሞኑን ክፍል ተምሬዋለሁ፣ ልሞክረው። ቶፖሮቭና ትሩባቾቭ በ1962 የላይኛው ድኔፐር ወንዝ አካባቢ ያሉ የወንዝ ስሞችን አጠኑ። እጅግ ብዙዎቹ የባልቲክ ስሞች ሆነው ተገኙ። ዛሬ ቤላሩስና ምዕራብ ሩሲያ የሆነው ማለት ነው። ሞስኮ አጠገብ፣ ፕሮትቫ ወንዝ ላይ፣ ጎልያድ የሚባል የባልቲክ ነገድ ነበር፤ የሩሲያ ዜና መዋዕል በ1147 ይጠቅሰዋል። ሕዝቡ ቋንቋውን ቀየረ፣ ወንዙ ስሙን ይዞ ቀረ።

ላትቪያኛ ውስጥ ሩሲያዊ "ክሪየቭስ" ይባላል። ክሪቪች ከሚባለው የድሮ የስላቭ ነገድ ስም ነው። ጎረቤታቸውን ሩሲያ የምትባል አገር ሳትመጣ ጀምሮ ያውቁታል።


ካውናስ፦

የመጀመሪያዋ ጥያቄ ግማሽ ሳይመለስ ቀረ። ለምን ከፋቸው የሚለው።

እህቴ፣ እኔ ካውናስ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ልጆቼም እዚሁ ነው የተወለዱት። እንደ አንቺው ያለ ቃል ተናግሬ ያዘንኩበት ጊዜ ስላለ ይገባኛል። በ1863 ሕዝቡ በዛሩ ላይ ተነሳ። አመፁ ከተደመሰሰ በኋላ፣ በ1864፣ ሊቱዌኒያኛ በላቲን ፊደል እንዳይታተም ተከለከለ። የጸሎት መጽሐፍ ሳይቀር። ከፈለጋችሁ በሩሲያ ፊደል አትሙ ተባሉ። ሕዝቡ በሩሲያ ፊደል የታተመውን አልነካም አለ። መጽሐፉ ድንበር ተሻግሮ ጀርመኖች ይገዙት በነበረው ፕሩሲያ፣ ቲልዚት በሚባል ከተማ ይታተማል። ከዚያ በሌሊት፣ በጀርባ፣ በገለባ ጋሪ ሥር ተደብቆ ይገባል። የተያዘ ሳይቤሪያ ይወርዳል። ድንበር ላይ በጥይት የተመቱም አሉ። ይህ አርባ ዓመት ቆየ፣ እስከ 1904።

እነዚያን ሰዎች "ክኒግነሺስ" ይሏቸዋል፣ መጽሐፍ ተሸካሚ። እዚህ ካውናስ በጦር ሙዚየሙ ግቢ ሐውልት አላቸው። ሰውየው ጆንያ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በበትር ተደግፎ ይታያል። ልጄን ይዤ ስሄድ ሁሌ እሱ ጋ እንቆማለን።

እንግዲህ "ቋንቋችሁ ሩሲያኛ ይመስላል" ስትያቸው እሳቸው የሚሰሙት ሌላ ነው። ያንን ዐረፍተ ነገር መሥሪያ ቤት ውስጥም፣ ትምህርት ቤት ውስጥም በሶቪየት ጊዜ ሰምተውታል። "የተለየ ቋንቋ ምን ያደርግላችኋል" ከሚለው ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። አንቺ ዘመድ ስትይ እሳቸው ጌታ ይሰማሉ።


ሥርወ ቃል፦

ካውናስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲያውም "ክኒግነሺስ" የሚለውን ቃል ስትጽፈው ሙሉ ክርክራችን እዚያ ውስጥ እንዳለ አየሁ። የፊተኛው ግማሽ "ክኒጋ" ነው፣ ከስላቭ የተዋሱት። የኋለኛው ግማሽ "ነሽቲ" ነው፣ መሸከም። ሩሲያኛው "ኔስቲ" ነው። "ሸ" ባለበት "ሰ"፤ ሕጉ ነው። ከማንም አልተዋሱትም፣ ከአንድ እናት የወረሱት ነው። ተውሶውም ውርሱም አንድ ሰው ጀርባ ላይ ተጭነዋል።

የሌሊት ፈረቃ፣ ለእኒያ እናት አንድ ነገር ልስጥሽ። ዳቦ ቤት ስለሆንሽ ይመቻል። "ዲየቫስ ዳቬ ዳንቲስ፣ ዲየቫስ ዱዎስ ኢር ዱዎኖስ።" እግዚአብሔር ጥርስ ሰጠ፣ እግዚአብሔር ዳቦም ይሰጣል። ሊቱዌኒያውያን ሁሉ የሚያውቁት ተረት ነው። እኛ የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም እንደምንለው። አምላክ በሳንስክሪት "ዴቫስ"፣ ጥርስ "ዳንታስ" ነው። ሩሲያኛ በሁለቱም ቦታ ሌላ ቃል ነው ያለው፣ "ቦግ"ና "ዙብ"። ሩሲያኛ ይመስላል ከምትያቸው ይህን በያቸው።


የሌሊት ፈረቃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ ስለነበር ነው።

ትናንት ሄጄ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ተረቱን አልኩላቸው። "ዱዎኖስ"ን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፣ እስኪጥማቸው። ስለ መጽሐፍ ተሸካሚዎቹ ጠየቅኳቸው። የአያታቸው እናት የጸሎት መጽሐፍ ዱቄት ማኖሪያ ሣጥን ሥር ይደብቁ እንደነበር ነገሩኝ። ዱቄቱን በእጃቸው ገፋ አድርገው አሳዩኝ፣ እንዲህ ነው ብለው። ከዚያ ደብተሬን ራሳቸው ጠየቁኝ። ስልሳዎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ሁለት ቦታ አረሙልኝ። "ዘመድ ከሆነ ይሁን፣ እኛ ግን እኛ ነን" አሉኝ።

ሊነጋጋ ሲል የተጫነ ትሪ አቀበሉኝና "ነሽክ" አሉ። እጄ ላይ እንደያዝኩት ቆምኩ። ነሽቲ! ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰማት የኖርኩ ቃል። አባቴ ደግሞ ዕቃ ሲያቀብለን "ኔሲ" ይል ነበር፣ እስከ ዛሬ አላገናኘኋቸውም። ስልሳ አንደኛ አድርጌ ጻፍኳት። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። መጨረሻዋ ላይ ያለችው "ክ" ምንድን ናት? ሩሲያኛው የላትም።


ሥርወ ቃል፦

ላትቪያኛውም የለውም፣ "ነስ" ብቻ ነው የሚለው። ያቺ "ክ" የሊቱዌኒያኛ የራሱ ናት፤ ለትእዛዝ በኋላ የጨመራት። "ነሽ" እስከሚለው ድረስ የሁሉም ነው፣ "ክ" ግን የእኒያ እናት ብቻ ናት። ንገሪያቸው።